ከምክንያቱ የቀደመ ውጤት

ካልዩመት፣ ጥር 21

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የመርከብ ገመድ እጅ ይልጣል ሲሉ እሰማለሁና እጅህ እንዴት ሆነ? አሁን ሐይቁ በረዶ ሠርቶ መርከቦቹ ሁሉ ስለቆሙ፣ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ ሞቅ ያለ ክፍል ተከራይተህ እንደምታርፍ ተስፋ አደርጋለሁ። በፖስትካርዶችህ ላይ «ደህና ነኝ» ከሚለው ሌላ ስለማትጽፍልኝ የቀረውን ራሴ እየሞላሁ ነው የምኖረው። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ይህን የምልህ ለወግ አይደለም፣ እውነቴን ነው። በዚህ ቤት «ደህና ነኝ» የሚባለው እውነት ሲሆን ብቻ እንዲሆን ወስኛለሁ።

በረዶው ዘንድሮ የወጥ ቤቱን መስኮት አልፏል። ጎረቤታችን አርቮ ሰማንያ ሁለት ዓመቱን ይዞ ደጄን በማሽኑ ይጠርግልኛል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ሄል የገባበት ዳቦ እጋግርለታለሁ። ዳቦውን ተቀብሎ ራሱን ይነቀንቃል፣ እኔም እነቀንቃለሁ፣ በቃ። እሱ ጆሮው አይሰማም፣ እኔ ደግሞ አፌን ስከፍት ሰው ይሸሸኛል። ኢርማን ታስታውሳታለህ፣ በቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ ከጎኔ የምትቀመጠውን። አንድ እሑድ ፓስተሩ፣ ዘንድሮ ጸሎት ስላበዛን የጣሪያው መዋጮ ሞላ ብሎ ሲሰብክ፣ ጠጋ ብዬ «አይከተልም፣ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል» አልኳት። «አንቺ ሴትዮ፣ እግዚአብሔርንም ልታርሚው ነው?» አለችኝ። በሚቀጥለው እሑድ ሁለት ወንበር ወደፊት ሄዳ ተቀመጠች። እስካሁንም እዚያው ናት።

ይህ አመል ከየት እንደመጣብኝ አንተ ታውቃለህ። የማታውቀውን ልንገርህና ከፈለግህ ሳቅ። የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያውን ፈተና ልፈተን ተመዘገብኩ። አዎ፣ እኔ እናትህ፣ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለሠላሳ ዓመት ድንች ስልጥ የኖርኩት። ለምን ትፈተኛለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ ለማንም ምክንያት መስጠት አላስፈለገኝም። ለአንተ ግን እሰጥሃለሁ፣ ጥሩ ምክንያት ባይሆንም።

ጠበቃ መሆን ያንተ ሐሳብ ነበር። ቶሎ ብዬ የኔ ያደረግሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰዓት እንድይዝልህ ብቻ ነበር የጠየቅኸኝ። ከዚያ ጥያቄውን ጮክ ብዬ እንዳነብልህ ጠየቅኸኝ፣ ከዚያ ደግሞ ሳትጠይቀኝ መልስ መስጠት ጀመርኩ። ገበታው ላይ ሦስታችን ተቀምጠን የነበረበት ያ የጥቅምት ምሽት አይረሳኝም። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ አንድ ከንቲባ ድልድይ ላይ «ቀስ ብለህ ንዳ» የሚል ሰሌዳ አሰቀለ፣ በዚያ ክረምት የመኪና አደጋ በግማሽ ቀነሰ፣ ስለዚህ ሰሌዳው ሠርቷል ይላል። ይህን ክርክር ይበልጥ የሚያዳክመው የቱ ነው? አንተ «ለ» አልክ፣ እኔ «መ» ብዬ ድርቅ አልኩ። አባትህ ከዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ጠረጋ ገና መግባቱ ነበር፣ ቦት ጫማውን ምድጃው አጠገብ አስቀምጦ ሾርባውን ይጠጣል። «ምን ያጨቃጭቃችኋል? በዚያ ክረምት መንገዱ ተዘግቶ ነበራ። ማን አልፎ ማን ይጋጫል?» አለ። መልሱ «ሠ» ሆኖ ተገኘ፤ መንገዱ ሁለት ወር ተዘግቶ ነበር ይላል። እርሳስህን ወርውረህ «አባዬ፣ በቃ አንተ ተፈተንልኝ» አልከው። «እኔ ከተፈተንኩ በረዶውን ማን ሊጠርገው ነው? ዳኛው?» አለህ። እንዲያ የሳቅንበት ሌላ ቀን ትዝ አይለኝም። ሾርባው ጨው አልነበረውም፣ ማናችንም አላማረርንም።

ከዚያ በፊት ጀምሮ የልምምድ ፈተና ነጥብህን በየሳምንቱ ማቀዝቀዣው በር ላይ እለጥፍ ነበር። 161፣ 163፣ 165። ለአርቮ ሳይቀር አሳይቼዋለሁ። ከዚያ መስከረም ላይ 158፣ ቀጥሎ 154፣ ቀጥሎ 151። «ልጁ ደክሞት ነው፣ ተይው» ይለኝ ነበር አባትህ። እኔ ግን የምተው ሰው አይደለሁም። የተሳሳትክባቸውን ጥያቄዎች የምትጽፍበትን ደብተር እያወጣሁ እመረምር ነበር። የመረጥኩት ይህ ነው፣ የሳበኝ በዚህ ምክንያት ነው፣ ስህተቱ ይህ ነው ብለህ በሦስት ዓምድ የምትጽፍበትን። በመስከረም ገጾች ላይ መካከለኛው ዓምድ ባዶ ነው። ለምን እንደሳበህ መጻፍ ትተሃል። ሰነፈ አልኩ።

ኅዳር ላይ አባትህን ቀበርነው። የቀብሩን ነገር አላነሳብህም።

ጥር ላይ፣ ልክ የዛሬ ዓመት፣ ገበታው ላይ ደብተሩን ዘግተህ ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እማዬ፣ አባዬ ከሞተ ወዲህ አልቻልኩም። ጥያቄውን አነባለሁ፣ ቃሉም ይገባኛል፣ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አይቆይም። ልተወው ነው።» አንድ እናት ይህን ስትሰማ ተነስታ ልጇን ታቅፋለች። እኔ ተነስቼ ወደ ማቀዝቀዣው ሄድኩ። ወረቀቱን ነቅዬ ፊትህ አስቀመጥኩና «ነጥብህ መውረድ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። አባትህ የሞተው ኅዳር ላይ ነው። ውጤት ከምክንያቱ አይቀድምም። አንተ የምታቀርበው ሰበብ ነው» አልኩህ። እንዲያውም ጣቴን ቀኖቹ ላይ እያሳረፍኩ ነበር የምናገረው።

አንተም «ትክክል ነሽ፣ እማዬ። መልስሽ ትክክል ነው» አልከኝ። ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድክ።

እንዳልዋሽህ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ኮርቻለሁ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቤቱ ጸጥ አለ። የሁለት ወንድ ኮቴ የለመደ ቤት ባዶ ሲሆን ማቀዝቀዣው እንኳ ሲጮህ ያስደነግጣል። ራዲዮ ብከፍት ገበታው ላይ ብቻዬን መሆኔን ይበልጥ ይነግረኝ ጀመር፣ ዘጋሁት። ያኔ ነው ደብተርህን ያወጣሁትና አንተ ካቆምክበት ገጽ የቀጠልኩት። መጀመሪያ ነጥቤን ልልክልህ ነበር ሐሳቤ፣ «ይኸው ይቻላል» ልልህ። ቂም ነበር፣ ሌላ ስም የለውም።

እየቆየ ግን ቂሙ ጠፋና ሰዎቹ ቀሩ። በጥያቄዎቹ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ማለቴ ነው። ያ ሁልጊዜ ተሳስቶ የሚደመድመው ከንቲባ፣ ስለ ወፎች የምታጠናው ሴትዮ፣ ምግብ ቤቱ ለምን እንደከሰረ የማይገባው ባለ ምግብ ቤት፣ ጋዜጣ ላይ የሚጨቃጨቁት ሁለት ሐኪሞች። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ ይጠብቁኛል። ከንቲባውን «አንተ ደግሞ ዛሬም?» እለዋለሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ ከማውቃቸው ሰዎች ይልቅ እነሱን አውቃቸው ጀመር። አንዳንዴ ትክክለኛውን መልስ ካገኘሁ በኋላም ገጹን አልገልጠውም፤ ገና ከሰውዬው ጋር አልጨረስኩም። የሞኝ ነገር ነው፣ ግን የዚህ ዓመት ኑሮዬ ይህ ነበር።

ፈተናው ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ነበር። እንደምታውቀው ከቤት ሆኖ በኮምፒውተር መፈተን ይቻላል። ያንተ ክፍል መስኮቱ ትንሽ ስለሆነና ብርሃን ስለማያንጸባርቅ እዚያ ተቀመጥኩ። ከሩቅ የሚቆጣጠረኝ አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት ነበር። ካሜራውን አዙረው ክፍሉን ያሳዩኝ አለኝ፣ አሳየሁት። አልጋውን፣ ከአልጋው ሥር፣ ቁም ሣጥኑን፣ የበሩን ጀርባ። «በቤቱ ውስጥ ከእርስዎ ሌላ ሰው አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። «በፈተናው ሰዓት ወደ ቤት ሊመጣ የሚችል ሰው ይኖራል? ልጅ፣ ባለቤት፣ እንግዳ?» አለኝ። ማንም አይመጣም አልኩት። «በጣም ጥሩ» አለኝ። ማንም ስለማይመጣልኝ በጣም ጥሩ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ልጁ ምን ያድርግ፣ ሥራው ነው።

የመጀመሪያው ክፍል እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ። ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ አሥራ አራተኛው ጥያቄ ይመስለኛል፣ አንድ ነገር መጣ። ከፈተናው በፊት ያየሁትን ለማንም እንዳልናገር ቃሌን በጽሑፍ ስለሰጠሁ ጥያቄውን ልነግርህ አልችልም። አንተም ብትሆን ቃልህን ጠባቂ ነህና አትፈርድብኝም። ነገር ግን አጥንቱ አንድ የሆነ ሌላ ጥያቄ ራሴ ሠርቼልሃለሁ። በአንዲት ከተማ ነጋዴዎች ሱቃቸውን መዝጋት የጀመሩት ሚያዝያ ላይ ነው። የከተማዋ ፋብሪካ የተዘጋው ጥቅምት ላይ ነው። ስለዚህ ሱቆቹ የተዘጉት በፋብሪካው ምክንያት ሊሆን አይችልም። ይህ ክርክር ያላስተዋለው ምንድን ነው?

መልሱን አንተ ገና ሳትጨርሰው ታየዋለህ። እኔም ወዲያው አየሁት። ነጋዴዎቹ ፋብሪካው እንደሚዘጋ አስቀድመው ያውቁ ይሆናል። መረጥኩትና ወደ ቀጣዩ አለፍኩ። ቀጣዩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስተኛም አነበብኩት። ዓይኔ ፊደሉን ያያል፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ግን አይቆይም። ልክ አንተ እንዳልከኝ ሆነ። ከዚያ ማክሰኞዎቹ መጡብኝ።

በዚያ መስከረም አንተና አባትህ በየማክሰኞው በጭነት መኪናው ድልድዩን ተሻግራችሁ የጀልባችንን ሞተር ልታሠሩ ትሄዱ ነበር። አራት ማክሰኞ፣ ለዚያች ለምታህል ሞተር። አንተ ሞተር መጠገኛው ውስጥ ትጠብቃለህ፣ አባትህ ደግሞ ሌላ ጉዳዩን ይፈጽማል ብዬ ነበር የማስበው። አንተን ከነገሩ ውጭ እንዳቆየህ እርግጠኛ ነበርኩ። አንድም ቀን ይህን ግምቴን አውጥቼ አላየሁትም። የሌላውን ሰው ያልተነገረ ግምት ለማውጣት ግን ዓመት ሙሉ ስለማመድ ከርሜአለሁ።

ከወንበሩ ተነሳሁ። ወጣቱ በኮምፒውተሩ ውስጥ በስሜ ጠራኝ። «እመቤት፣ እባክዎ ወደ ወንበርዎ ይመለሱ» አለኝ። ደረጃውን እየወረድኩ ሳለ እንደገና ጠራኝ። በሦስተኛው ድምፁ ውስጥ ድንጋጤ ነበር፤ የታመምኩ መስሎት ይሆናል፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ጋራዡ ውስጥ የአባትህ መኪና ሸራውን ለብሶ ቆሟል። ከቀብሩ ወዲህ በሩን አልከፈትኩትም ነበር። ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ያለውን መሳቢያ ከፈትኩ። ጓንቱ፣ የጉሮሮ ከረሜላው፣ የመኪናው ወረቀት፣ ከሥሩ የልብ ሐኪሙ የቀጠሮ ካርድ። መስከረም 9፣ ማክሰኞ። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ያንተ ጽሕፈት ነው፣ ያ ወደ ግራ የሚዘመው ጽሕፈትህ። «ጨው ጨርሶ የለም። በረዶ በአካፋ አያንሳ። እስከ ገና ላይደርስ ይችላል። ለእማዬ እንዳልናገር አስምሎኛል።»

አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ድረስ ነው። ያለቀስኩት ለአባትህ አልነበረም፣ ለእሱ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ገበታው ላይ ቀኖቹን በጣቴ እየቆጠርኩ ስሞግትህ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትናገር አፌን ታዘጋኝ ነበር። «መስከረም ላይ አውቄ ነበር» ብትል በቃ። አባትህ ከተቀበረ ሁለት ወር አልፎትም ቃልህን ጠበቅህለት፣ «ትክክል ነሽ» ብለኸኝ ሄድክ። እኔ ደግሞ አመንኩህ።

ሾርባውን ግን አስታውስ። ያ ሾርባ ጨው ያጣው ከነሐሴ ጀምሮ ነው፣ ይህ ካርድ ከመጻፉ ሦስት ሳምንት በፊት። ምን ሆነሽ ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፣ አንተም አባትህም። ከዚህ የሚከተለውን አንተው አውጣው፣ ከኔ ይልቅ አንተ ፈጣን ነበርክ። እኔ ልጽፈው ሞክሬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። አባትህን አልቀየመውም፣ አንተም አትቀየመው። «ልጁ ፈተናውን እስኪጨርስ» ይለኝ ነበር፣ ከዚህ ሌላ አልጨምርም።

በዚያው ቀን ደብተርህን አውጥቼ አንድ ገጽ ጻፍኩ። የመረጥኩት፦ ልጄ ሰበብ ያበዛል። የሳበኝ፦ እንዲያ ከሆነ እኔ የምጠየቅበት ነገር የለም። ስህተቱን የምጽፍበትን ሦስተኛውን ዓምድ ስጀምር ወረቀቱ አልበቃኝ አለና ይህን ደብዳቤ መጻፍ ያዝኩ።

ልጄ፣ ተመለስና ተፈተን አልልህም። ጠበቃ ሆንክ መርከበኛ ሆንክ፣ ከእንግዲህ ያንተን ነጥብ በር ላይ አልለጥፍም። ገመድ መጎተት ደስ የሚልህ ከሆነ ጎትት። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ካርድህ ላይ «ደህና ነኝ» ብቻ ብለህ አትለፈኝ። ደህና ካልሆንክ ደህና አይደለሁም በለኝ፣ ስለ ዱሉዝ ዝናብም ቢሆን ጻፍልኝ፣ ተቆጥተህም ጻፍልኝ። ስልኩም ያው የድሮው ቁጥር ነው። ስትደውል ልከራከርህ ብጀምር በላዬ ላይ ዝጋው፣ እኔው መልሼ እደውላለሁ።

ሐይቁ ሲከፈትና መርከብህ ሲወጣ አምላክ ማዕበሉን ያብርድልህ። እግርህን ከሚያዳልጥ፣ እጅህን ከሚቀጭ ነገር ይጠብቅህ። አብረውህ የሚሠሩት ሰዎች ደጎች ይሁኑልህ፣ ምግባቸውም ጨው ያለው ይሁን። የአባትህ ነፍስ በሰላም ትረፍ፣ አንተንም ረጅም ዕድሜ ይስጥህ።

የፈተናውን ነገር ሳልጨርስልህ ልዘጋው ነበር። ወደ ክፍሉ ስመለስ ኮምፒውተሩ ፈተናው ተቋርጧል ይላል። በማግስቱ የሚሞላ ቅጽ ላኩልኝ። ከወንበርዎ የተነሱበትን ምክንያት ይምረጡ ይላል። ሕመም፣ የመብራት መቋረጥ፣ የኮምፒውተር ብልሽት፣ ድንገተኛ አደጋ፣ ሌላ። አንድ በአንድ እየሰረዝኩ «ሌላ» የሚለው ላይ ደረስኩ። ከጎኑ ባለው ትንሽ ቦታ ላይ «ልጄ ከዓመት በፊት የነገረኝ አሁን ስለገባኝ» ብዬ ጻፍኩ። ትናንት መለሱልኝ። ትሕትና አላቸው፣ አልዋሽም። ያቀረቡትን ተመልክተናል፣ ነገር ግን በቂ ምክንያት ሆኖ አላገኘነውም ይላሉ።

ለአንተስ ይበቃህ ይሆን?

የምትወድህ እናትህ